ሦስተኛው እጅጌ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ብታስቀምጠውም "ናት" ነው የምለው፤ ሙያ ከሰው እጅ በአንድ ቀን አይወጣም። እኔ ታናሿ ነኝ፣ እትዬ ነው የምላት። ሥራዬ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ቲኬት መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ "ሞልቷል" ስል እውላለሁ። አንዱ እናቴ ታማለች ይለኛል፣ ሌላው ሥራ ልባረር ነው ይለኛል፤ ወንበር ከሌለ ግን የለም ነው። ማባበል አልችልበትም። ሥራው ይሁን ያበላሸኝ ተፈጥሮዬ እንጃ፤ ብቻ እትዬ ከልጅነታችን ጀምሮ "ያንቺ አፍ ምላጭ ነው" ትለኛለች። አሁንም የማወራው በዚሁ አፍ ነውና ቻሉት።

ባሏን ጋሼ ነበር የምለው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር፤ መጽሐፉም ጋዜጣውም ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን እየለቀመ የሚያወጣው እሱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ "አራት ነጥብ" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካየ ምሳው አይበላለትም ነበርና። ይሄ አመሉ ከሥራ ቦታ ወጥቶ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማል፣ የሱቅ ሰሌዳ ያርማል። አንድ ቀን እኔን ሊጠይቅ ጣቢያው መጥቶ መስኮቴ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክርቢቶ አርሞት ሄደ፤ አለቃዬ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብሎ ስንት ነገር ተናገረኝ። እኔን ደግሞ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ሞልቷል መጣች፣ ወንበር አምጡላት" ነበር የሚለኝ ከበር ስገባ።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ግን ቤታቸው በወሬ የተሞላ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያወራል። መኪናው ሲንጣጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ክሩ ሲበጠስ ዝቅ ያደርጋል። እሷ ደግሞ መርፌ በከንፈሯ ይዛ "እምም" ትለዋለች። እንዲያው አንዳንዴ "እናንተ ሰዎች፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖራችሁ ወሬው አላለቀባችሁም?" እላቸው ነበር። ቀንቼ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። መጀመሪያ ሳል ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ቁስል ነው ተባለ፣ በመጨረሻ እውነተኛው ስሙ ተነገረን። ቀዶ ጥገና አድርገው የድምፁን ማውጫ ከነአካቴው አወጡት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እትዬ እጄን ጨብጣ የነገረችኝን አልረሳውም። "መሞት መዳኑን እግዜር ያውቃል። እኔ ግን እስካለ ድረስ የሚለውን ሁሉ መስማት ነው የምፈልገው። አንዲት ቃል እንድታመልጠኝ አልፈልግም።" ድምፅ የሌለውን ሰው እንዴት ነው የምትሰሚው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ቤት ሲገባ በወረቀት እየጻፈ ሊያወራ ሞከረ፤ ግን ቀኝ ትከሻው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አልታዘዝ ብሎታል። በግራ እጁ ሲጽፍ ያ የሰውን ሁሉ ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰውዬ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። ያኔ ኮምፒዩተሩ ትዝ አለው። ጡረታ ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ የሰጠው አሮጌ ዕቃ ነው፤ ስላረጀም እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጭነውበታል። ስክሪኑን አልጋው ግርጌ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው፣ ኪቦርዱን ጭኑ ላይ አደረግንለት። በግራ እጁ ጣቶች አንድ በአንድ እየለቀመ ይጽፋል። ፊደሉን አተለቀው፤ እትዬ ከመኪናዋ ሳትነሣ ቀና ብላ ታነብለታለች። እንደ ድሮው እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያወራል ማለት ነው።

ችግሩ ሰውየው አራሚ መሆኑ ነው። ነገር ሲደባለቅበት ያመዋል። የወጣትነቱን ታሪክ እየጻፈላት ሳለ ውሃ ይጠማውና መሃል ላይ "ውሃ።" ይላል፤ ትንሽ ይቀጥልና "ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ።" ይገባበታል፤ ታሪኩ ተበላሸ። አንድ ቀን ተናዶ "ትእዛዝና ጨዋታ አንድ ገጽ ላይ አይውሉም።" ብሎ ጻፈ። ማተሚያ ቤት እያለ ረቂቁን በአንድ በኩል፣ የታረመውን በሌላ በኩል ጎን ለጎን ከፍቶ ነበር የሚሠራው፤ አሁንም እንደዚያ ሁለት መስኮት ይፈልጋል። አንዱን ለትእዛዝ፣ አንዱን ለጨዋታ። በአንድ እጅ ደግሞ ሁለተኛውን መክፈት አልሆነለትም።

ስለዚህ ጠዋት ላይ ለእትዬ "ሌላ መስኮት ክፈቺልኝ።" ብሎ ጻፈላት።

እሷ ምን ታውቃለች። የመኝታ ክፍሉ መስኮት እንደሆነ ተከፍቷል፤ ሌላ ካለ ብላ ሄዳ የወጥ ቤቱን ከፈተች። ተመልሳ ስትመጣ "ሌላ መስኮት።" ይላል። የመታጠቢያ ቤቱን ከፈተች። እኔ ከሥራ በፊት ልጠይቃቸው ስመጣ በሩ በንፋስ ይላጋል፣ የልብስ መቁረጫ ወረቀቶቿ ወለሉ ላይ ይበራሉ፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ ከጣሪያው ሥር ያለችውን የማትከፈት ትንሽ መስኮት ትታገላለች። "ምን ሆናችኋል፣ ቤቱን ልታስበርሩት ነው?" አልኩ። ጋሼ አልጋው ላይ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደንግጬ ጠጋ ስል እየሳቀ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ነገሩ ሲገባን ሁለታችን ኮምፒዩተሩ ላይ ተተከልን። እኔ መሥሪያ ቤት የምነካው ሌላ ዓይነት ስለሆነ እዚህኛው ላይ ከሷ አልሻልም። ፕሮግራሞቹ በስክሪኑ ጎን በትንንሽ ምልክት ተደርድረዋል። እትዬ የመጻፊያውን ምልክት ነካችው፤ ያው የተከፈተው መስኮት ብቅ አለ። ደግማ ነካችው፣ ያው። "ይሄ ደግሞ ደንቆሮ ነው፣ ሌላ ስለው ያንኑ ይሰጠኛል" አለች። ጋሼ ቀስ እያለ ጻፈ። "ተከፍቻለሁ ብሎ ስለሚያስብ ያንኑ ነው የሚያመጣልሽ። ኮንትሮል የምትለዋን ቁልፍ በአንድ እጅሽ ተጭነሽ ሳትለቂ፣ በሌላው እጅሽ ምልክቱን ንኪው።"

"ይቅርብሽ እትዬ፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል" አልኳት እኔ፤ ሥራዬ ረፍዶብኛል።

"ሁለት እጅ?" አለችኝ ዞራ። "እኔ በእግሬ እየረገጥኩ በሁለት እጄ ጨርቅ የምመራ ሴት ሁለት እጅ ያቅተኛል? አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይመራል፣ ይኸው ነው።" ተጭና ነካችው። ነጭ፣ ባዶ፣ አዲስ መስኮት ከች አለ። እሱ በጻፈላት መሠረት አንዱን ጎትታ ወደ ግራ ጠርዝ ስትወስደው የስክሪኑን ግማሽ ይዞ ተቀመጠ፤ ሌላውንም ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ልክ ልክ ሆኑ። ራቅ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ደንበኛ ልብስ ሲለካ እንደምታየው አየቻቸው። "እጅጌ ነው እኮ" አለች። "ግራ እጅጌ፣ ቀኝ እጅጌ። ከዛሬ ጀምሮ መስኮት የሚባል ነገር እንዳልሰማ፤ በብርድ ልትጨርሰን ነው። እጅጌ ነው የምትለኝ።"

ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ቦታው የገባ ቃል አላሳለፈም። ቃሏን አሰበበትና "ተቀባይነት አለው።" ብሎ ጻፈላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት እጅጌ ነበር የሚባለው። ግራው ለትእዛዝ፣ ቀኙ ለጨዋታ። ጠዋት ሲነቃ ሁለቱን ትከፍትለታለች። ግራው ሞልቶ ሲያስጠላው "ግራ እጅጌ ቀይሪልኝ።" ይላታል፤ የድሮውን ዘግታ አዲስ ትከፍታለች። ጨዋታው ሲረዝምበት ደግሞ እሷ ናት "ቀኝ እጅጌህ ረዘመ፣ ልቁረጠው?" የምትለው። እኔ አንድ ቀን ረስቼ "ያኛው መስኮት" ብል ጋሼ ግራ እጅጌው ላይ "ሞልቷልን አርሚያት።" ብሎ ጻፈብኝ። መቼም ሰው በሕመም ቤት ይስቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እነሱ ግን ይስቁ ነበር፤ እሷ በድምፅ፣ እሱ በትከሻው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሲያየኝ አንጀቴን ይበላኛል፣ ሲጽፍልኝ ደግሞ ያስቀኛል።

ቅዝቃዜው ሲመጣ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። ሐኪሙ "በአንገቱ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው፣ ብርድ እንዳያገኘው" ሲላት እትዬ ሰማች፤ እሷ አንድ ነገር ከሰማች ሰማች ነው። ከልብስ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ የመኝታ ክፍሉን መስኮት ስንጥቅ በጣቷ እየጠቀጠቀች ወተፈችው። ላዩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ከዚያ በኋላ ያ መስኮት ለሷ ግድግዳ ሆነ። ማንም ሚስት የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

የሞተ ቀን እኔ መስኮቴ ኋላ ነበርኩ። ስደርስ አልቋል። እንዴት እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ለእኔ ብቻም አይደለም፣ በማግስቱ ከቀብር መልስ ሊያስተዛዝን ለገባው ሰው ሁሉ ነገረችው። የሚያረጋጋት ይሄን መናገሯ ብቻ ስለነበር ማንም አላቋረጣትም። የጎረቤት ሴት ስትገባ ትነግራታለች፣ የማተሚያ ቤት ሽማግሌዎች ሲገቡ እንደገና ትጀምራለች።

"ከምሳ በኋላ ነው" ትላለች። "እኔ እየሰፋሁ ነው፣ እሱ ፀጥ ብሏል። ተኝቷል ብዬ ነበር። ቀና ስል ግራ እጅጌው ላይ 'መስኮት ክፈቺልኝ።' ብሎ ጽፏል። ብድግ አልኩ። ኮንትሮሉን ተጫንኩ፣ ምልክቱን ነካሁት፣ አንዴም ሳልሳሳት። ከች አለ። 'ይኸው፣ ጻፍበት' አልኩት። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ አዲሱ ላይ 'ጎበዝ' ብሎ ጻፈልኝ። ኪቦርዱን ትቶ እጄን ያዘኝ። በቃ፣ እንደያዘኝ ነው የሄደው።" እዚህ ስትደርስ ፊቷ ይበራል። "የመጨረሻ ቃሉ ለኔ ነው። ጎበዝ ብሎኝ ነው የሞተው። አላመለጠችኝም።"

"ታድለሽ" ይሏታል። "ስንቱ ሳይሰናበት ይሄዳል። አንቺስ ተመርቀሽ ቀረሽ።" እውነታቸውን ነው። እኔም ጥግ ይዤ ስሰማ፣ ይቺን ታህል ነገር ትቶላት መሄዱ ደስ ብሎኝ ነበር። ኮምፒዩተሩን ያጠፋው የለም። ግራ እጅጌ፣ ቀኝ እጅጌ፣ ከሁለቱ ላይ መሃል ለመሃል የተደረበው አዲሱ፣ እሱ ላይ በትልቁ "ጎበዝ"። አራት ነጥብ አላደረገበትም። እጁ ደክሞት ነው አልኩ በልቤ።

ክፍሉ በሰው ታጭቋል። አንዱ ሌላው ጉልበት ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው፤ የመድኃኒቱ ሽታ፣ የሰዉ ትንፋሽ፣ ከስንት ሳምንት ጀምሮ የታመቀው አየር አንድ ላይ ሆኖ ራሴን አዞረኝ። እትዬ ደግሞ ለአዲስ ገቢ ከመጀመሪያው ጀምራለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ "ኧረ በእናታችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ታፍነን ልናልቅ ነው እኮ" አልኩ።

የሚነሣ ሲጠፋ ራሴ ተነሣሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ቁርጥራጮቹን ከስንጥቁ አንድ በአንድ ሳብኩ፤ የተማሪ ሰማያዊ አለበት፣ የሙሽራ ነጭ አለበት፣ ጋሼ ራሱ ይለብሰው የነበረው የሸሚዝ ግራጫ አለበት። መስኮቱ ተጣብቆ ኖሮ በክርኔ ገፋሁት። ተበረገደ። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። አንዱ ሽማግሌ "እፎይ፣ ነፍስ ዘራን" አለ።

ዞር ስል እትዬ ታሪኩን "መስኮት ክፈቺልኝ ብሎ" ላይ ነው ያቆመችው። አዲስ የገባችው ሴትዮ "እሺ፣ ከዚያስ?" ትላታለች። እትዬ የተከፈተውን መስኮት ታያለች፣ አልጋውን ታያለች። ከዚያ በኋላ ለገባ ሰው ያቺን ታሪክ አልነገረችም። ሰዎቹ ድካም ነው ብለው ቀስ በቀስ ተነሥተው ሄዱ።

ብርጭቆ ሰብስቤ ስመለስ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"የትኛውን ነበር ያለኝ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"መስኮት ነው ያለኝ። እጅጌ አላለም።" ጣቷን ግራው ላይ አሳረፈች። "ከዚያ ጠዋት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መስኮት ብሎ አያውቅም። እንኳን እሱ፣ አንቺም ብትዪ ያርምሽ ነበር።" "ደግሞ ሁለቱም ተከፍተው ነበር እኮ። ግራውም አለ፣ ቀኙም አለ። ሦስተኛ እጅጌ ምን ያደርግለታል?"

ኋላ ላይ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። መስኮቱ ቢከፈት ባይከፈት በዚያ ሰዓት የሚለወጥ ነገር አልነበረም አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እትዬ ግን ያድነው ነበር ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እሷ የፈለገችው አንድም ቃሉ እንዳያመልጣት ነበር። ያንን ሁሉ የተማረችው ለዚህ ነው፤ የተማረችው ነገር ራሱ ነው የጋረደባት። እሱ ደግሞ አየር አጥሮት አየር ለመናት፤ ባዶ ገጽ ሰጥታው በኩራት ቆማ ሲያያት ሊያርማት አልፈለገም። ዕድሜ ልኩን ስሕተት ሳያርም ያለፈው ያኔ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሣትም አልቻልኩም። ሰው ሲለምነኝ ዓይኑን እያየሁ ሞልቷል ብዬ የምመልስ ሴት ይሄን ፊት ለፊት ልነግራት አቃተኝ።

"የኮምፒዩተሩን ነው እንጂ" አልኳት። "ረስቶት ነው መስኮት ያለው፤ የታመመ ሰው ይረሳል። ባይሆንማ ጎበዝ ይልሽ ነበር እትዬ?" የራሴን ድምፅ ስሰማው እንደ ቅቤ ለስልሷል።

ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማባበል የጀመርሽው?" አለችኝ።

ብርዱ ሲብስ መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ፤ "ተይው" አለችኝ ሳትዞር። ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን አንሥቼ ለሁለታችን ደረብኩት፣ መስኮቱም እንደተከፈተ ተቀመጥን።